ከባዝ ፓርቲ የወጡት «አንድነት ፈላጊ ሶሻሊስቶች»፦ በዛፉ ሥዕል ላይ የት ላስቀምጣቸው?

የደቻቱ ማዶ (ድሬ ዳዋ)፦

ሰላም ለቤቱ። ለንባብ ክበባችን የቅዳሜ ዝግጅት በዐረብ ብሔርተኛ ፓርቲዎች ታሪክ ላይ የሃያ ደቂቃ ገለጻ ደርሶኛል። ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ ትልቅ የዛፍ ሥዕል እያዘጋጀሁ ነው፤ ግንዱ ባዝ (ሶሪያንና ኢራቅን የገዛው የዐረብ ብሔርተኛ ፓርቲ)፣ ቅርንጫፎቹ ከእሱ እየተሰነጠቁ የወጡት። አብዛኛው ቦታ ቦታውን ይዟል፤ እምቢ ያለኝ አንድ ቅርንጫፍ ነው። በዐረብኛ «አል-ወሕደውዩን አል-ኢሽቲራክዩን» የሚባሉት፣ እኔ «አንድነት ፈላጊ ሶሻሊስቶች» ብዬ የጻፍኳቸው የሶሪያ ፓርቲ።

አንዱ ጽሑፍ በ1961 ተመሠረቱ ይላል፣ ሌላው 1964፣ ሌላው ደግሞ 1974። የቱን ልያዝ? በ1966 ባዝ በደማስቆና በባግዳድ ክንፍ መለያየቱ እነሱንም ይነካል ወይ? ከባዝ ተጣልተው ከወጡስ በ1972 ከባዝ ጋር አንድ ግንባር ውስጥ ምን አስገባቸው? ከአድማጮቼ ግማሹ ተማሪ ነው፣ ግማሹ የካይሮውን «ሰውት አል-ዐረብ» ሬዲዮ እየሰሙ ያደጉ አባቶች ናቸው፤ ከሳትኩ አይምሩኝም። ዓመታቱን ሁሉ የጻፍኩት እ.ኤ.አ. ነው።

ፈረስ መጋላ (ሐረር)፦

እህቴ፣ ያየሻቸው ሦስት ዓመታት የሦስት የተለያዩ ድርጅቶች ናቸው፤ ስማቸው ስለሚመሳሰል ነው የተምታታብሽ። በ1961 የተሰነጠቁት ያንቺ ሰዎች ናቸው። በ1964 የቆመው የሶሪያው «ዐረብ ሶሻሊስት ኅብረት» ነው፤ ያንቺዎቹ ገብተውበት ነበር፣ የመሪያቸው የፋይዝ ኢስማዒል ወገን ግን ወጥቶ በራሱ ስም ቀጠለ። በ1974 ደግሞ ከእነሱው መካከል ሌላ አንጃ ወጣና በስሙ ላይ «ዲሞክራሲያዊ» የሚል ቅጽል ጨመረ። ስለዚህ ቅርንጫፉ ከግንዱ የሚነሳው 1961 ላይ ነው።

ለምን በዚያ ዓመት? እዚህ ላይ ከ1958 መነሳት ግድ ነው። እሱን ከዘለልሽው አድማጭ ነገሩ ተራ የሥልጣን ሽኩቻ ይመስለዋል።

በፌብሩዋሪ 1958 ሶሪያና ግብፅ ተዋሕደው የተባበረችው ዐረብ ሪፐብሊክ ስትመሠረት የግብፁ መሪ ናስር አንድ ቅድመ ሁኔታ አስቀመጠ፦ በሶሪያ ያሉ ፓርቲዎች ሁሉ ይፍረሱ። የባዝ መሥራቾች ሚሼል አፍለቅና ሰላሕ አድ-ዲን አል-ቢጣር ተስማሙ፤ የባዝን የሶሪያ ድርጅት በራሳቸው ውሳኔ አፈረሱት። ጉባኤ ጠርተው አባሉን አልጠየቁም። የባዝ ሦስተኛው የመላ ዐረብ ጉባኤ ነገሩን ያጸደቀው ከዓመት ተኩል በኋላ፣ በ1959፣ ቤይሩት ላይ ነው። ስሌታቸው «አገሩን ናስር ይመራል፣ ሐሳቡን እኛ እናቀርባለን» ዓይነት ነበር። አልሠራም። በጁላይ 1959 በተደረገው፣ ፓርቲዎችን በተካው ብቸኛ ድርጅት በብሔራዊ ኅብረት ምርጫ ባዛውያን ክፉኛ ተሸነፉ፤ በዲሴምበር ቢጣርና አክረም አል-ሐውራኒ ከመንግሥት ሥልጣናቸው ለቀቁ። ሐውራኒ እኮ የሪፐብሊኩ ምክትል ፕሬዚዳንት ነበር።

ፓርቲ ሲፈርስ በተግባር ምን ማለት እንደሆነ ለአድማጮችሽ ንገሪያቸው። ህዋስ አይሰበሰብም፣ መዋጮ አይከፈልም፣ ማን አባል እንደሆነና ማን እንዳልሆነ የሚያረጋግጥ አካል የለም። ሴፕቴምበር 28 ቀን 1961 የደማስቆ መኮንኖች መፈንቅለ መንግሥት አድርገው ሶሪያን ከግብፅ ሲገነጥሉ «ባዝ ነኝ» የሚል ብዙ ሰው ነበር፤ «ባዝ ይህ ነው» ብሎ የሚወስን ግን አልነበረም። እዚያ ላይ ነው አራት ወገን የወጣው።

የመጀመሪያው የአፍለቅና የቢጣር ነው። ይህ ወገን ውሕደቱን በመርህ ይደግፋል፣ በናስር አገዛዝ ግን ቂም ይዟል። ክብሩን የጎዳው ቢጣር ራሱ ነው፤ ኦክቶበር 2 ቀን 1961 መገንጠሉን በሚደግፈው የፖለቲከኞች መግለጫ ላይ ፈረመ። ቆይቶ ፊርማዬን አንስቻለሁ አለ። ሰው ግን የሚያስታውሰው መፈረሙን ነው።

ሁለተኛው የሐውራኒ ነው። እሱም ፈርሟል፣ እንደ ቢጣር ግን አልተመለሰም። ናስርን በግልጽ ተቃወመና በ1962 ከባዝ ጋር ለይቶለት የድሮ ድርጅቱን «የዐረብ ሶሻሊስቶች ንቅናቄ» ብሎ አነሳው። ሥሩ ሐማና አካባቢዋ ያሉ ገበሬዎች ነበሩ። ከባዝ ጋር የተዋሐደው ራሱ በ1952 ስለነበር አሥር ዓመት አብሮ ኖሮ ወጣ ማለት ነው። በባዝ ሙሉ ስም ውስጥ ያለው «ሶሻሊስት» የሚለው ቃል የገባውም በዚያ ውሕደት ነው።

ሦስተኛዎቹ ያንቺዎቹ ናቸው። «ከግብፅ ጋር አሁኑኑ፣ ያለ ቅድመ ሁኔታ እንመለስ» አሉ። የቢጣር ፊርማ ለእነሱ ክህደት ነው፤ ፓርቲው በ1958 ለአንድነት ሲል ራሱን ከሠዋ በ1961 በመገንጠል ላይ ቆሞ መቀጠል አይችልም ባዮች ናቸው።

አራተኛው ወገን ድምፁ የማይሰማ ነበር፤ በሥዕልሽ ላይ ግን ትልቁን ቦታ የሚይዘው እሱ ነው። በላታኪያ፣ በዴር አዝ-ዞርና በመሳሰሉት አውራጃዎች የመፍረሱን ትእዛዝ ሳይቀበሉ ግንኙነታቸውን በድብቅ ያቆዩ ሰዎች ናቸው። «ቁጥርዩን» ይባላሉ፤ ከመላው ዐረብ ይልቅ የሶሪያን ድርጅት የሚያስቀድሙ። ከላይ ያሉት መሪዎች ሳያማክሩን ፓርቲያችንን አፈረሱት የሚለው ቂም ከእነሱ አልወጣም። በ1966 ያፈነዳው አንዱ ነገር ይኸው ቂም ነው።

ስለ ፋይዝ ኢስማዒል አንድ ነገር ልጨምርልሽ፤ ለገለጻ ይጥማል። የአሌክሳንድሬታ ሰው ነው፣ ቱርክ በ1939 የወሰደችው ግዛት። በ1940ዎቹ መጨረሻ ባግዳድ ሲማር የባዝን ሐሳብ ወደ ኢራቅ ካስገቡት የሶሪያ ተማሪዎች አንዱ ነበር፤ ገጣሚው ሱለይማን አል-ዒሳም አብሮት ነበር። ኢራቅ ውስጥ ባዝን የተከለው ሰው በሶሪያ ከባዝ የተገነጠለ ፓርቲ መሪ ሆነ።

ገንደ ቆሬ (ድሬ ዳዋ)፦

አቦ፣ ፈረስ መጋላ ጨርሶታል፤ አንድ ቅርንጫፍ ግን ቀርታለች። ከ1961 በፊትም ለናስር ብሎ ከባዝ የወጣ አለ። የዮርዳኖሱ ባዝ መሪ ዐብደላህ አር-ሪማዊ በ1959 ተባረረና በሜይ 1960 «አብዮታዊ ባዝ» የሚል ፓርቲ አቋቋመ። ቆይቶ የኢራቁ ባዝ መሪ የነበረው ፉአድ አል-ሪካቢ ወደ እሱ ሄደ። ሪካቢ ማለት በኦክቶበር 1959 የኢራቁን መሪ ዐብደል ከሪም ቃሲምን ለመግደል ሲሞከር ፓርቲውን ይመራ የነበረው ነው፤ ወጣቱ ሳዳም ሑሴን ከተኳሾቹ አንዱ የነበረበት ሙከራ። ሪካቢ በ1971 ኢራቅ እስር ቤት ውስጥ ተገደለ።

ሁለቱም ናስራዊ ናቸውና አንድ ናቸው ብለሽ እንዳታገናኚያቸው። የሪማዊ የወጣው ውሕደቱ በሕይወት እያለ ነው፣ ደጋፊውም የካይሮ መንግሥት ነበር፤ ብዙ ሳይቆይ ከሰመ። ያንቺዎቹ የወጡት ውሕደቱ ከሞተ በኋላ ነው፣ የቆሙትም ሶሪያ መሬት ላይ። ለሪማዊ አጭር ቅርንጫፍ፣ ጫፉ የተቆረጠ።

የደቻቱ ማዶ፦

ጋሽ ፈረስ መጋላ እግዜር ይስጥልኝ፣ ገንደ ቆሬም አላህ ይስጥህ። 1961 ተይዟል፣ ሪማዊም ገብቷል። አሁን የቀረኝ መካከሉ ነው፦ 1963፣ 1966፣ 1972። በተለይ 1963 ላይ ባዝና ናስራውያን አብረው ሥልጣን ያዙ የሚል አያለሁ፣ በዚያው ዓመት ደግሞ ተታኮሱ ይላል።

ሸዋ በር (ሐረር)፦

ሁለቱም ሆኗል፣ በአራት ወር ልዩነት።

ማርች 8 ቀን 1963 መፈንቅለ መንግሥቱን ያደረጉት የባዝ መኮንኖች፣ ናስራዊ መኮንኖችና ገለልተኞች አብረው ናቸው። ከባዝ በኩል ያለው ቡድን «ወታደራዊ ኮሚቴ» ይባላል፤ በውሕደቱ ዘመን ወደ ግብፅ ተዛውረው የነበሩ አምስት መኮንኖች ካይሮ ውስጥ በምስጢር ያቋቋሙት። ሙሐመድ ዑምራን፣ ሰላሕ ጀዲድ፣ ሓፊዝ አል-አሳድ፣ ዐብደል ከሪም አል-ጁንዲ፣ አሕመድ አል-ሚር። እነዚህ ሰዎች የአፍለቅ አባሎች ይባሉ እንጂ ለአፍለቅ መኖራቸውንም በደንብ አላሳወቁም ነበር።

ለአንድነት ፈላጊዎቹ ያ መጋቢት ድል ነበር። ኢራቅም ከወር በፊት፣ ፌብሩዋሪ 8 ቀን፣ በባዝ እጅ ገብታለች፤ ኤፕሪል 17 ቀን 1963 ካይሮ ላይ የግብፅ፣ የሶሪያና የኢራቅ የፌዴሬሽን ውል ተፈረመ። ነገር ግን ውሉ ተፈርሞ ሳምንታት ሳይቆጠሩ ወታደራዊ ኮሚቴው ናስራዊ መኮንኖችን ከጦሩ ማጽዳት ጀመረ። ናስራውያን ሚኒስትሮች ተቃውመው ለቀቁ። ጁላይ 18 ኮሎኔል ጃሲም ዐልዋን ደማስቆ ውስጥ በጠራራ ፀሐይ መፈንቅለ መንግሥት ሞከረ፤ ከሸፈ፣ ብዙ ሰው ሞተ፣ ከተያዙትም ብዙዎቹ ተረሸኑ። በአራተኛው ቀን ናስር ከውሉ መውጣቱን አወጀ።

ሥዕሉ ላይ ጁላይ 18ን በቀይ ምልክት አድርጊ። ከዚያ ቀን በኋላ አንድነት ፈላጊ የሚባል ማንኛውም የሶሪያ ፓርቲ ጦሩ ውስጥ ሰው አልቀረውም። በዚያ ዘመን ደማስቆ ውስጥ ጦር የሌለው ፓርቲ ጋዜጣ ቢኖረው፣ ተከታይ ቢኖረው፣ መንግሥት አይሆንም። የ1964ቱ ኅብረት የተወለደው ከዚህ ሽንፈት ነው። የዐረብ ብሔርተኞች ንቅናቄ የሶሪያ ቅርንጫፍ፣ የተባበረው ዐረብ ግንባርና ያንቺዎቹ «ተበታትነን ከምናልቅ አንድ እንሁን» ብለው ስሙንም ከናስር ፓርቲ ወሰዱ። በኋላ መሪ የሆነው ጀማል አል-አታሲ የሥነ አእምሮ ሐኪም ነው፣ የድሮ ባዛዊ፣ በውሕደቱ ዘመን የ«አል-ጀማሂር» ጋዜጣ አዘጋጅ።

1966 ለሚለው፦ ፌብሩዋሪ 23 ቀን 1966 የተደረገው የባዝ የራሱ የውስጥ ጉዳይ ነው። ባዝ ሁለት ፎቅ ነበረው። ላይኛው ከሁሉም ዐረብ አገር የተውጣጣ የመላ ዐረብ አመራር ነው፣ የአፍለቅ ወንበር። ታችኛው በየአገሩ ያለ የአገር አመራር። በዚያ ቀን የሶሪያው የአገር አመራር በሰላሕ ጀዲድ መሪነት ላይኛውን በታንክ አባረረው። አፍለቅ ተሰደደ፤ በ1968 የኢራቅ ባዝ ሥልጣን ሲይዝ የእነሱ ዋና ጸሐፊ ሆነ፣ በ1989 ፓሪስ ሞቶ የተቀበረው ባግዳድ ነው። ቢጣርን በ1980 ፓሪስ ላይ ገደሉት። ያንቺ ፓርቲ ግን አምስት ዓመት ቀድሞ ወጥቷልና ከሁለቱም ወገን አይመደብም። በደማስቆ ስለሚኖር ብቻ «የሶሪያው ባዝ ክንፍ» ብለው የሚጽፉ አሉ፤ እሱን እንዳትደግሚው።

ወደ 1972። አሳድ በኖቬምበር 1970 ጀዲድን አስሮ ሥልጣን ያዘ። ናስር የሞተው ከሁለት ወር ቀድሞ ነው፤ ሴፕቴምበር 28፣ ልክ መገንጠሉ በተፈጸመ በዘጠኝ ዓመቱ፣ በዚያው ቀን። አሳድ ወዲያው ከግብፅና ከሊቢያ ጋር ወደ ፌዴሬሽን ሄደ፣ ሴፕቴምበር 1 ቀን 1971 በሦስቱም አገር ሕዝበ ውሳኔ ተደረገ። ፌዴሬሽኑ ወረቀት ላይ ቢቀርም አንድነት ፈላጊ ነኝ ለሚል ፓርቲ «አሁንስ ምን ቀረህ?» የሚል ጥያቄ ነው። ማርች 7 ቀን 1972 ብሔራዊ ተራማጅ ግንባር ሲቋቋም ባዝ፣ ኮሚኒስት ፓርቲው፣ ዐረብ ሶሻሊስት ኅብረት፣ አንድነት ፈላጊ ሶሻሊስቶችና የዐረብ ሶሻሊስቶች ንቅናቄ ፈረሙ።

የገቡበት ውል ግን እጅ የሚያስር ነበር። በአመራሩ ውስጥ ባዝ ግማሽ ሲደመር አንድ ወንበር ነበረው፤ ሌሎቹ ሁሉ ቢተባበሩም አያሸንፉም ነበር። ከባዝ በቀር ማንም በጦሩ ውስጥና በተማሪዎች መካከል መደራጀት አይችልም ነበር። ጦሩ የተከለከለበት ምክንያት ግልጽ ነው፣ ጁላይ 18ን ያየ ሰው ይገባዋል። ፓርቲዎቹን ያደረቃቸው ግን የተማሪው ክልከላ ነው። ወጣት ካልመለመልክ ከሃያ ዓመት በኋላ የሚቀርህ ያረጀ ማዕከላዊ ኮሚቴ ነው፤ ያረጀ ማዕከላዊ ኮሚቴ ደግሞ በሐሳብ አይጣላም፣ በወንበር ነው። በግንባሩ ውስጥ ሃምሳ ዓመት ሚዜ ሆነው ኖሩ፣ ሙሽራው ሁልጊዜ አንድ ነው።

ጀማል አል-አታሲ ይህንን ቀድሞ አየ። በ1973 አዲሱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 8 ባዝን የኅብረተሰቡና የመንግሥት መሪ ፓርቲ ሲያደርግ ከግንባሩ ወጣ፤ ፓርቲው ለሁለት ተከፈለ፣ ግማሹ በፈውዚ አል-ከያሊ መሪነት ውስጥ ቀረ። የፋይዝ ኢስማዒል ፓርቲ አልወጣም። እንደ እኔ የሁለቱን ሰዎች መንገድ የለየው 1961 አይደለም፣ ይኸው 1973 ነው።

ፈረስ መጋላ፦

ሸዋ በር፣ በመጨረሻው አልስማማም። 1973 የአታሲ ምርጫ ነው፣ ያንቺዎቹ የምንላቸው ግን ምርጫቸውን የጨረሱት ሲወለዱ ነው። ፓርቲው የቆመው በአንድ ጥያቄ ላይ ነበር፤ ከግብፅ ጋር እንመለስ ወይስ አንመለስ። ናስር በ1970 ሲሞት፣ ሳዳት ደግሞ በ1977 ኢየሩሳሌም ሲሄድ ጥያቄው ራሱ ጠፋ። ስለ መሬት፣ ስለ ገበሬ፣ ስለ ሠራተኛ የተለየ ነገር አልነበራቸውም፤ ይህ ሁሉ ከባዝ ጋር አንድ ነው። የተለየ አቋሙ ያለቀበት ፓርቲ ግንባር ውስጥ መቅረቱ አይገርምም። ከዐሊ ሳሊሕ አስ-ሰዕዲና ከያሲን አል-ሓፊዝ ጋር አወዳድራቸው፦ እነዚያ በ1964 ከባዝ በግራ በኩል ወጥተው አብዮታዊ ሠራተኞች ፓርቲ ሲያቋቁሙ ክርክራቸው ስለ መደብ ነበር። ፓርቲያቸው ትንሽ ነው፣ ክርክራቸው ግን ናስር ሲሞት አልሞተም። በ1980ም ፓርቲው ከአታሲ ጋር በተቃዋሚዎቹ ብሔራዊ ዲሞክራሲያዊ ስብስብ ውስጥ ነበር።

ሸዋ በር፦

የመደቡን እቀበላለሁ። ግን «ጥያቄው ጠፋ» ካልን አታሲም ያው ጥያቄ ነበር የነበረው፤ እሱ ግን ወደ ዲሞክራሲ ዞረ። መዞር ይቻል ነበር ማለት ነው። ይህን ደግሞ ለአድማጮቿ እንተወው፣ ቅዳሜ ይከራከሩበት።

ለገሃሬ (ድሬ ዳዋ)፦

ታሪኩን ጨርሳችሁታል፣ እኔ ስለ ሥዕሉ ልናገር። እንዲህ ያለ ገለጻ የሚበላሸው በሦስት ቦታ ነው።

አንደኛው የዘመን አቆጣጠር። እህቴ፣ «የካቲት 1966» ብለሽ ከጻፍሽ አዳራሹ ሙሉ ሰው የሚያስበው የእኛን አብዮት ነው፣ ደማስቆን አይደለም። በእኛ አቆጣጠር የጀዲድ መፈንቅለ መንግሥት የካቲት 16 ቀን 1958 ነው። እ.ኤ.አ. ከያዝሽ የወሩንም ስም በፈረንጅ ጻፊ፤ «ፌብሩዋሪ 1966»። ወሩን ባማርኛ፣ ዓመቱን በፈረንጅ የሚያደርጉ ብዙ ናቸው፣ ከሁሉ የከፋው እሱ ነው። ለአባቶች ደግሞ ከጎኑ የእኛን ጨምሪ፦ የሶሪያ መገንጠል መስከረም 18 ቀን 1954፣ የመስቀል ማግስት። ናስርም የሞተው መስከረም 18 ነው፣ በ1963። የማርች 8ቱ የካቲት 29 ቀን 1955፣ ግንባሩ የካቲት 28 ቀን 1964። ሸዋ በር «ያ መጋቢት» ብሎ የጻፈው የፈረንጁን ማርች ነው፤ በእኛ ገና የካቲት አላለቀም።

ሁለተኛው ስም። ሦስት ሓፊዝ አለሽ፦ አሚን አል-ሓፊዝ በ1966 የተገለበጠው የአገር መሪ፣ ያሲን አል-ሓፊዝ ግራ ዘመሙ ጸሐፊ፣ ሓፊዝ አል-አሳድ ፕሬዚዳንቱ። ሁለት አታሲ፦ ጀማል ናስራዊው፣ ኑረዲን ደግሞ በጀዲድ ዘመን የአገሪቱ ርዕሰ ብሔር። ሁለቱም የሆምስ ሰዎች ናቸው፣ ሁለቱም ሐኪሞች፤ መምታታታቸው አይቀርም፣ ስለዚህ ሙሉ ስም ሳትጽፊ አትለፊ። ዐረብ ሶሻሊስት ኅብረትም ቢያንስ ሦስት ነው፦ የግብፁ 1962፣ የኢራቁ 1964፣ የሶሪያው 1964። ከስሙ ጎን አገሩን ካልጻፍሽ ሥዕሉ ዋጋ የለውም።

ሦስተኛው ምስል። ባንዲራ ለማስጌጥ ካሰብሽ ተጠንቀቂ። ቀይ፣ ነጭ፣ ጥቁር ሆኖ ሁለት አረንጓዴ ኮከብ ያለው የ1958 የውሕደቱ ባንዲራ ነው፤ ሶሪያ ግን በ1980 ያንኑ ባንዲራ መልሳ ወስዳለች። ስለዚህ ሁለት ኮከብ ያለበት ፎቶ ሁሉ የናስር ዘመን አይደለም። ሦስት አረንጓዴ ኮከብ ያለው የ1963 ነው፣ በሶሪያም በኢራቅም፤ ሦስቱ ኮከቦች የታሰቡት ለሦስቱ አገሮች ውል ነበር። አረንጓዴ፣ ነጭ፣ ጥቁር ሆኖ ሦስት ቀይ ኮከብ ያለው ደግሞ ከውሕደቱ በፊት የነበረው፣ በ1961 ከመገንጠሉ በኋላ የተመለሰው፣ አሁንም ከአሳድ ውድቀት በኋላ የተሰቀለው ነው።

አንድ ጥሩ መለያ ልስጥሽ። ያለ ስም የተገኘ የዘመኑ ወረቀት የማን እንደሆነ ለማወቅ የመፈክሩን ቅደም ተከተል እዪ። «አንድነት፣ ነፃነት፣ ሶሻሊዝም» ካለ ባዝ ነው። «ነፃነት፣ ሶሻሊዝም፣ አንድነት» ካለ የናስር ወገን። የዐረብ ብሔርተኞች ንቅናቄ በመጀመሪያ ዘመኑ «አንድነት፣ አርነት፣ በቀል» ይል ነበር። «አንዲት ዐረባዊት ሕዝብ፣ ዘላለማዊ መልእክት ያላት» የሚለው ግን አይጠቅምሽም፤ የደማስቆውም የባግዳዱም ባዝ እኩል ይጽፉት ነበር።

ገንደ ቆሬ፦

ለገሃሬ፣ ባንዲራውን አቦ ጥሩ አድርገህ ለየኸው። እኔ አንድ ነገር እጠይቃለሁ፤ የድሬ ሰው «ይህ እኛን ምን ይመለከታል?» ማለቱ አይቀርም። ሥዕሉ ላይ ወደ እኛ የሚመጣ መስመር የለም ወይ?

ፈረስ መጋላ፦

አለ፣ ሁለትም ነው፣ አቅጣጫቸው ግን የተቃረነ።

አንዱ ከባዝ ይመጣል። የኤርትራ ፌዴሬሽን በኖቬምበር 1962 ከፈረሰ በኋላ ጀብሃን (የኤርትራ አርነት ግንባርን) ቀድመው ከረዱት መንግሥታት አንዷ በማርች 1963 በባዝ እጅ የገባችው ሶሪያ ናት፤ መሣሪያና ሥልጠና ሰጥታለች። ከ1968 በኋላ የኢራቁ ባዝ ተጨመረ፣ የደማስቆና የባግዳድ ፉክክርም ወደ ግንባሮቹ ገባ።

ሌላው ከዐረብ ብሔርተኞች ንቅናቄ ይመጣል፣ እነ ጆርጅ ሐበሽ ቤይሩት ላይ ከመሠረቱት። የዚያ ንቅናቄ የየመን ሰዎች በ1963 በተቋቋመው ብሔራዊ አርነት ግንባር ውስጥ ዋናዎቹ ነበሩ። ግንባሩ ኖቬምበር 30 ቀን 1967 ኤደንን ከእንግሊዝ ተረከበ፣ በጁን 1969 የግራው ክንፍ የመጀመሪያውን ፕሬዚዳንት ቀሕጣን አሽ-ሸዕቢን አወረደ፣ በኦክቶበር 1978 የየመን ሶሻሊስት ፓርቲ ሆነ። ኤደን መጀመሪያ የኤርትራ ግንባሮችን ትረዳ ነበር፤ ደርግ ወደ ሶሻሊዝም ሲዞር እሷም ዞረች። በ1977 የሶማሊያ ጦር ድሬ ዳዋ በር ላይ ሲደርስ፣ በዚያ ጦርነት ከኢትዮጵያ ጎን ከኩባውያን ጋር የደቡብ የመን ወታደሮችም ነበሩ። በኦገስት 1981 ደግሞ ኢትዮጵያ፣ ሊቢያና ደቡብ የመን ኤደን ላይ የሦስትዮሽ ውል ፈረሙ።

ሸዋ በር፦

እሱን በሃያ ደቂቃ ውስጥ እንዳትከትቺው። በሥዕሉ ዳር በሁለት ቀስት አሳይተሽ እለፊ፤ ጥያቄ ሲነሳ ይወራል። አለበለዚያ አዳራሹ ወደ 1969 ዓ.ም. የሶማሊያ ጦርነት ይሄድና አንድነት ፈላጊዎችሽን የሚሰማቸው አይኖርም።

የደቻቱ ማዶ፦

ትክክል፣ በዳር ይቀመጣል። የመጨረሻ ጥያቄዬ፦ የቅርንጫፉን ጫፍ የት ልቁረጠው? ፓርቲው አሁን አለ ወይስ የለም?

ሸዋ በር፦

ቁረጪው፤ ቀን አለው። እስከ አሳድ ውድቀት ድረስ በግንባሩ ስም በምክር ቤቱ ጥቂት ወንበር ነበራቸው፤ ከ2001 ጀምሮ ደግሞ የግንባሩ ፓርቲዎች የራሳቸውን ጋዜጣ እንዲያወጡ ሲፈቀድ «አል-ወሕደዊ» የተባለውን ያሳትሙ ነበር። የ2012ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 8ን ሲያወጣ በወረቀት ነፃ ሆኑ፣ በተግባር ግን እዚያው ግንባር ውስጥ ቆዩ። አሳድ ዲሴምበር 8 ቀን 2024 ወደቀ። ጃንዋሪ 29 ቀን 2025 ደማስቆ ላይ አዲሶቹ ባለሥልጣናት ባዝንና የብሔራዊ ተራማጅ ግንባርን ፓርቲዎች በአንድ አዋጅ አፈረሱ። ስለዚህ የአንድነት ፈላጊዎቹ መስመርና የባዝ የሶሪያ ግንድ እኩል ርዝመት ላይ ያልቃሉ። የጀማል አል-አታሲውን መስመር ግን አብረሽ እንዳትቆርጪው፤ እሱ በ1973 ከግንባሩ ስለወጣ አዋጁ አይመለከተውም።

የደቻቱ ማዶ፦

ገባኝ። 1961 መነሻ፣ 1964 ገብቶ መውጣት፣ 1972 ግንባር፣ 1974 ቅርንጫፍ፣ 2025 መቆረጫ። ሪማዊ በአጭሩ፣ ቁጥርዩን በወፍራም መስመር እስከ 1966። ሥዕሉ ሲያልቅ ፎቶውን እዚሁ እለጥፋለሁ፣ ስህተት ካያችሁ ከዓርብ በፊት ንገሩኝ፤ ዓርብ ማታ ነው የሚለጠፈው።